በሀገር ውስጥ የ4 ቀን ክሪኬት የጨዋታውን ርዝማኔ የሚወስነው ምንድን ነው? ቀኑ፣ ሰዓቱ ወይስ ኦቨሩ?

አዲስ ተመልካች (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ታዳሚዎች። የምኖረው በእንግሊዝ ነው። ልጄ በትምህርት ቤት ክሪኬት መጫወት ከጀመረ ወዲህ በከተማችን ያለው የካውንቲ ቡድን ሲጫወት አብረን እየሄድን እንመለከታለን። ስለ አመታቱ፣ ስለ አወራወሩና ዊኬት ስለሚወድቅባቸው (መቺው ከጨዋታ ስለሚወጣባቸው) መንገዶች ከሞላ ጎደል ተረድቻለሁ። እስካሁን ያልገባኝ የጊዜው ጉዳይ ነው።

መርሐ ግብሩ እያንዳንዱ ጨዋታ 4 ቀን እንደሚፈጅ ይገልጻል። ሆኖም ካየናቸው ጨዋታዎች አንዱ በሦስተኛው ቀን ከሻይ እረፍት በፊት ተጠናቀቀና አራተኛው ቀን ከነጭራሹ ሳይካሄድ ቀረ። ሌላው ደግሞ እስከ አራተኛው ቀን ዘልቆ፣ ለማብቂያው አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሁለቱ አምበሎች ተጨባበጡና ሁሉም ከሜዳ ወጣ፤ አሸናፊም አልነበረም። በየቀኑ ጨዋታው የሚያበቃበት ሰዓትም አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሌዳው ላይ በዕለቱ የሚቀሩት ኦቨሮች (ስድስት ስድስት ኳስ የሚወረወርባቸው ዙሮች) ቁጥር ይታያል፤ የተባለው ሰዓት ካለፈ በኋላም ቁጥሩ እስኪያልቅ ድረስ ይጫወታሉ። ከሁሉም በላይ የከበደኝ አንድ አምበል ገና ሊመቱ የሚችሉ ተጫዋቾች እያሉት የቡድኑን ተራ በራሱ ፈቃድ ማቋረጡ ነው። ቡድኑ ተጨማሪ ራን (በመምታት የሚቆጠር ውጤት) ማግኘት እየቻለ ለምን ይተወዋል?

የጨዋታው ርዝማኔ በምን እንደሚለካና ቡድኖቹ ያላቸውን ጊዜ በምን ስሌት እንደሚጠቀሙበት የምታውቁ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

የውጤት መዝገብ

ውድ ጠያቂ፣ ሦስቱም ይወስናሉ፤ የሚወስኑት ነገር ግን ይለያያል። ቀኑ የጨዋታው ጣሪያ ነው። ኦቨሩ ተመልካቹ በአንድ ቀን ውስጥ ሊያገኘው የሚገባው ዝቅተኛ የጨዋታ መጠን ነው። ሰዓቱ ደግሞ ቡድኖቹ ያንን መጠን እንዲያደርሱ የተሰጣቸው ጊዜ ነው።

ከቀኑ ልጀምር። የክሪኬት ዓለም አቀፍ የበላይ አካል የነበረው ኢምፔሪያል ክሪኬት ኮንፈረንስ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ትርጉም መሠረት አንድ ግጥሚያ ፈርስት ክላስ (በከፍተኛው ደረጃ የሚመደብ) ለመባል ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቀናት የተመደቡለትና እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚካሄድ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ ቡድንም ኢኒንግስ የሚባለውን የመምታት ተራ ሁለት ጊዜ ያገኛል። ዛሬ የእንግሊዙ የካውንቲ ሻምፒዮና፣ የአውስትራሊያው ሼፊልድ ሺልድና የኒውዚላንዱ ፕላንኬት ሺልድ የሚካሄዱት በ4 ቀን ነው። ይህ ግን የተፈቀደው ከፍተኛ ጊዜ እንጂ ግዴታ አይደለም። በአንድ ተራ 10 ዊኬት ስለሚወድቅ፣ አራቱ ተራዎች ቢሟሉ 40 ዊኬት ይወድቃል ማለት ነው፤ ወርዋሪዎቹ ያንን ሥራ በሁለት ቀን ተኩል ከጨረሱት ጨዋታው እዚያው ያበቃል። እርስዎ ያዩት የሦስተኛው ቀን ፍጻሜ ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ አንዱ ቀን እንግባ። ቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ገደማ በሚፈጁ ሦስት ክፍለ ጊዜያት ይከፈላል፤ በመካከላቸው የ40 ደቂቃ የምሳ እረፍትና የ20 ደቂቃ የሻይ እረፍት አለ። በካውንቲ ሻምፒዮና ጨዋታው ብዙውን ጊዜ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ማለትም በሀገሩ አቆጣጠር በ11፡00 ይጀምራል፤ ቀኑ በሚያጥርበት በመስከረም ደግሞ ቀደም ይላል። ንጹህ የመጫወቻው ጊዜ 6 ሰዓት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 96 ኦቨር መወርወር አለበት። አንድ ኦቨር 6 ኳስ ስለሆነ 576 ኳስ ይሆናል። በሰዓት 16 ኦቨር ማለት ነው፤ ለአንድ ኦቨር የሚደርሰው ጊዜ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ተንደርድሮ የሚወረውር ፈጣን ወርዋሪ ወደ መነሻው በእግሩ እስኪመለስ፣ አምበሉ የተጫዋቾቹን አቋቋም እስኪያስተካክል፣ መቺው ጓንቱን እስኪቀይር ድረስ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንዱ በቀላሉ ያልፋል። በተከታታይ ፈጣን ወርዋሪዎችን የሚያሰልፍ ቡድን ስለዚህ ወደኋላ ይቀራል፤ ሰዓቱ ቢደርስም የቀሩትን ኦቨሮች ለማሟላት ሜዳ ላይ ይቆያል። በሰሌዳው ላይ ያዩት ቁጥር ይህን ነው የሚያሳየው። ከፍጥነቱ በታች የሆነ ቡድን ከሻምፒዮናው ሠንጠረዥ ላይ ነጥብ ይቀነስበታል፤ አንዳንድ አምበሎች ከምሳ በፊት ባለው ጊዜ ኳስ የሚያሽከረክር ወርዋሪ የሚያስገቡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እንደዚያ ያለ ወርዋሪ አጭር እርምጃ ብቻ ስለሚራመድ ኦቨሩን በፍጥነት ይጨርሳል፣ የባከነውም ጊዜ ይካካሳል።

ዝናብ ሲዘንብ ወይም ዳኞቹ ብርሃኑ ለመጫወት አደገኛ ሆኗል ብለው ሲወስኑ፣ ለጠፋው ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ አንድ ኦቨር ከዕለቱ መጠን ላይ ይነሳል። አንዱ ቡድን ተራውን ጨርሶ ሌላው ሲገባ የሚሰጠው የ10 ደቂቃ እረፍትም እንዲሁ ይታሰባል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር በድንገት ሲወርድ ቢያዩ አይገረሙ።

በመጨረሻው ቀን ሒሳቡ ጥቂት ይለያል፦ መጀመሪያ 80 ኦቨር፣ ከዚያም «የመጨረሻው ሰዓት» ተብሎ በዳኞቹ በይፋ ከሚታወጀው ጊዜ ጀምሮ ቢያንስ 16 ኦቨር ይወረወራል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ወርዋሪው ቡድን ሆን ብሎ በመንቀራፈፍ ሽንፈትን ማምለጥ አይችልም፤ ሰዓቱ ቢያልፍም 16ቱ ኦቨር መሟላት አለበትና።

አዲስ ተመልካች

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የሰሌዳው ነገር አሁን ገባኝ። ነገር ግን አንድ ቡድን በሁለት መቶ ራን እየመራ ጊዜው ስላለቀ ብቻ ጨዋታው ያለ አሸናፊ መቅረቱ ፍትሐዊ ነው? የተራው በፈቃድ መቋረጥስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሦስተኛው ቀን

የሚገናኘው በቀጥታ ነው። እንዲያውም የጥያቄዎ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

በዚህ ጨዋታ ለማሸነፍ ብዙ ራን ማስቆጠር ብቻውን በቂ አይደለም፤ የተጋጣሚውን ሁለተኛ ተራ መጨረስም ያስፈልጋል። ስለዚህ ጊዜ ራሱ እንደ ራን የሚወጣና የሚቆጠብ ሀብት ነው። አምበሉ ተራውን የሚዘጋው ያለው ራን ከበቃው በኋላ የሚቀረውን ጊዜ ለወርዋሪዎቹ ለማስተላለፍ ነው።

በቁጥር ላስረዳ። ሦስተኛው ቀን ሊያበቃ ሲል አንድ ቡድን በሁለተኛ ተራው እየመታ በድምሩ 330 ራን መርቷል እንበል። አምበሉ ማታ ተራውን ከዘጋ ተጋጣሚው ለማሸነፍ 331 ራን ያስፈልገዋል፤ አራተኛው ቀን ሙሉ 96 ኦቨር አለው። በአንድ ኦቨር ሦስት ራን ተኩል ያህል ማለት ነው፤ ሊሞከር የሚችል ግብ ነው። አምበሉ በማግስቱ እስከ ምሳ ድረስ ቢመታና መሪነቱን ወደ 450 ቢያደርስ መሸነፍ የማይመስል ነገር ይሆናል፤ ለወርዋሪዎቹ የሚቀራቸው ግን 64 ኦቨር ያህል ብቻ ነው፣ በዚያም ውስጥ 10 ዊኬት መጣል አለባቸው። ተጋጣሚውም ለማሸነፍ መሞከሩን ትቶ በሩን ይዘጋል፣ እያንዳንዱን ኳስ በመከላከል ብቻ ቀኑን ያመሻል። ቶሎ መዝጋት የመሸነፍ አደጋ አለው፤ ዘግይቶ መዝጋት ደግሞ የአቻነት አደጋ አለው። ጎበዝ አምበል የሚለየው በዚህች ውሳኔ ነው፤ እኔ በበኩሌ በዚህ ስፖርት ውስጥ ከዚህች ቅጽበት የበለጠ የምጓጓለት ነገር የለም።

በካውንቲ ሻምፒዮና ለአሸናፊ የሚሰጠው 16 ነጥብ ነው። ከዚህ ሌላ በመጀመሪያው ተራ የመጀመሪያዎቹ 110 ኦቨሮች ውስጥ በሚያስቆጥሩት ራንና በሚጥሉት ዊኬት መጠን ቡድኖቹ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛሉ፤ እስከ 5 ለመምታት፣ እስከ 3 ለመወርወር። የ110 ኦቨሩ ገደብ ራሱ የጊዜ መሣሪያ ነው፦ አንድ ቡድን ሁለት ቀን ሙሉ ተዝናንቶ እየመታ ጨዋታውን እንዳያደርቀው ይገፋፋዋል።

ሌላው ጊዜ ቆጣቢ ሕግ ፎሎው ኦን ነው። በሦስት ወይም በአራት ቀን ግጥሚያ መጀመሪያ የመታው ቡድን በ150 ራን ወይም ከዚያ በላይ ከመራ፣ ተጋጣሚው ሁለተኛ ተራውን ወዲያው እንዲቀጥል ማዘዝ ይችላል። በአምስት ቀን ግጥሚያ ግን 200 ያስፈልጋል፤ ጊዜው በረዘመ መጠን ይህን መብት ለማግኘት የሚጠየቀው ብልጫም ይጨምራልና። ከቀናቱ በአንዱ ማብቂያ ላይ ውጤት በቅርብ የሚታይ ከሆነም ጨዋታው በግማሽ ሰዓት ሊራዘም ይችላል፤ ለጥቂት ኳስ ብሎ ሁሉም በማግስቱ እንዳይመለስ ነው።

የአምበሎቹ መጨባበጥ የመጣው ደግሞ የመጨረሻው ሰዓት ደርሶ፣ አንዱ ወገን ራኑን እንደማይደርስበት፣ ሌላውም ዊኬቶቹን እንደማይጨርስ ሁለቱም ስላመኑ ነው። ፍትሐዊ ነው ወይ ላሉት፣ አዎን ነው እላለሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ በሚሰነጣጠቅ ፒች (ኳስ በሚወረወርበት የሜዳው መካከለኛ መሬት) ላይ ቆሞ ሽንፈትን የተከላከለ ቡድን ያገኘው አቻ በትግል የተገኘ ነው። መሪው ቡድን ሥራውን በተሰጠው ጊዜ አልጨረሰም።

ከደቡብ ሕንድ የተመለሰ

ለትምህርት ሕንድ በቆየሁባቸው ዓመታት የሕንድ ግዛቶች ቡድኖች የሚወዳደሩበትን የራንጂ ዋንጫን በቅርብ ስለተከታተልኩ ከዚያ በኩል ያለውን ልጨምር፤ አደረጃጀቱ ከእንግሊዙ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያልና።

ይህ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1934 ሲሆን ስሙን ያገኘው ከክሪኬት ተጫዋቹ ከራንጂትሲንጂ ነው። የምድብ ጨዋታዎቹ 4 ቀን ናቸው፣ በቀን 90 ኦቨር። ወቅቱ የብርድ ጊዜያቸው ስለሆነ ቀኑ አጭር ነው፤ ጨዋታው በአብዛኛው ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፣ ፀሐይ ቀድማ በምትጠልቅባቸው የምሥራቅ ግዛቶች ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ ያ ሁሉ ሰፊ አገር የሚመራው በአንድ ሰዓት ነውና። የጥሎ ማለፉ ግጥሚያዎች ግን ወደ 5 ቀን ይረዝማሉ።

ትልቁ ልዩነት ጊዜ ሲያልቅ የሚሆነው ነው። በምድብ ጨዋታ ያሸነፈ 6 ነጥብ ያገኛል፤ በአንድ ሙሉ ተራ ወይም በ10 ዊኬት ካሸነፈ አንድ ይጨመርለታል። ጨዋታው ሳይሸናነፉ ካለቀ ደግሞ በመጀመሪያው ተራ የመራው 3፣ ሌላው 1 ነጥብ ይወስዳል። በጥሎ ማለፍ ሳይሸናነፉ ካለቀም የሚያልፈው በመጀመሪያው ተራ የመራው ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለማየት እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 በአህመዳባድ የተካሄደውን የኬረላና የጉጃራት ግማሽ ፍጻሜ ማስታወስ ይበቃል። በሀገራችን ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት የሕንድ መምህራን ብዙዎቹ የመጡባት ኬረላ እስከዚያ ዓመት ድረስ ለፍጻሜ ደርሳ አታውቅም ነበር። ኬረላ እስከ ሦስተኛው ቀን ጠዋት እየመታ 457 ራን አስቆጠረ። ጉጃራት መልሶ መምታት ጀመረና በአምስተኛው ቀን ረፋድ 455 ላይ ደረሰ፤ የቀረው የመጨረሻው ዊኬት ብቻ ነው፣ ለመምራት የሚያስፈልገው 3 ራን ነው። የጉጃራቱ ናግዋስዋላ ኳሷን በኃይል ሲመታት በቅርብ ቆሞ ከነበረው ከሳልማን ኒዛር የራስ ቁር ጋር ተጋጭታ ወደ ላይ ተነሳች፤ አምበሉ ሳቺን ቤቢ መሬት ሳትነካ ቀለባት። ኬረላ በ2 ራን ብልጫ መራ፣ የቀረውን የአምስተኛ ቀን ጊዜ በመምታት ጨረሰ፣ ጨዋታው ሳይሸናነፉ አለቀ፣ ኬረላም ለፍጻሜ አለፈ። ከዚያ በፊት በሩብ ፍጻሜው ጃሙና ካሽሚርን ያለፈው በ1 ራን ብቻ መርቶ ነበር፤ 281 ለ280። በፍጻሜው ግን ሕጉ በተራው ኬረላን ጎዳ። ተጋጣሚው ቪዳርባ በመጀመሪያው ተራ 379 ለ342 መርቶ ስለነበር ጨዋታው በአቻ ሲያልቅ ዋንጫውን ወሰደ።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት 5 ቀን ከ450 ኦቨር ጋር ተሰጥቶም የጨዋታው ዕጣ በአንዲት ኳስ ሊወሰን ይችላል። እኔ ይህ ለተመልካቹ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአቻ የሚያልቅም ጨዋታ ትርጉም ያለው ፉክክር አለበትና።

የሜልበርን ነዋሪ

ከላይ የተጻፈውን በደስታ ነው ያነበብኩት፤ በመጨረሻው አስተያየት ግን አልስማማም። በመጀመሪያው ተራ መምራት ይህን ያህል ዋጋ ሲሰጠው መጀመሪያ የሚመታ ቡድን ሁለት ቀን ሙሉ እየመታ ቢቆይ ያዋጣዋል፤ መሪነቱን ካረጋገጠ በኋላም ተራውን ዘግቶ ለማሸነፍ የሚደፍርበት ምክንያት ይቀንሳል። በአህመዳባድ የሆነው እስከዚያች ኳስ ድረስ ልብ የሚያንጠለጥል ነበር፤ ከእሷ በኋላ የነበረው የአምስተኛው ቀን ጨዋታ ግን የሚጠበቅ ነገር አልነበረውም።

ጊዜን እንደፈለጉ ማርዘምም መፍትሔ አይደለም፤ ተሞክሮ ታይቷል። እዚህ አውስትራሊያ የሼፊልድ ሺልድ ግጥሚያዎች በአንድ ወቅት የቀን ገደብ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1926 በሜልበርን ቪክቶሪያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ላይ በአንድ ተራ 1,107 ራን ያስቆጠረው በዚያ ዘመን ነው፤ ተራን ለመዝጋት የሚያስገድድ ነገር አልነበረምና። በአገሮች መካከል የሚካሄደው የቴስት ግጥሚያም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1939 በደቡብ አፍሪካ ደርባን የተጀመረው ገደብ አልባ ቴስት እስከ አሥረኛው ቀን ተጓትቶ፣ እንግሊዝ 696 ራን ለማሟላት 42 ብቻ ሲቀራት ቡድኑ መርከቡ እንዳያመልጠው ስለተነሳ ያለ አሸናፊ ቀረ።

በጣም ማሳጠርም የራሱ ጉዳት አለው። የእንግሊዝ ካውንቲዎች ለረጅም ዘመን ይጫወቱ የነበረው ሦስት ቀን ነበር። ፒቹ ከዝናብ መሸፈን ከተጀመረ በኋላ 40 ዊኬት በሦስት ቀን መጣል እየከበደ ሄደ፤ አምበሎችም እርስ በርስ እየተነጋገሩ በመጨረሻው ቀን አንዱ ለሌላው ቀላል ኳስ እየወረወረ ራን እንዲያገኝ ይፈቅድለትና በምትኩ ሊሞከር የሚችል ግብ ያስቀምጥለታል። ውጤት ይገኛል፤ በእውነተኛ ውርወራ የተገኘ ውጤት ግን አይደለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1988 የተወሰኑት ግጥሚያዎች 4 ቀን ሆኑ፣ ከ1993 ጀምሮም ሁሉም። ዓላማው ተጫዋቾቹን 5 ቀን ለሚፈጀው የቴስት ክሪኬት ማዘጋጀትም ጭምር ነበር። በእኔ እምነት ይህ ውድድሩ ካደረጋቸው ለውጦች ሁሉ የሚበልጠው ነው። በ4 ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፒቹ እርጥበት ኖሮት ፈጣን ወርዋሪውን ይረዳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን መቺውን ያበላሉ፤ በአራተኛው የተረገጠው መሬት ተሰነጣጥቆ ኳሷ ስትሽከረከር ከተጠበቀው በላይ ትታጠፋለች። እያንዳንዱ የተጫዋች ዓይነት የራሱ ቀን አለው።

በእርግጥ እንግሊዝም አንዴ የሕንዱን መንገድ ተጠቅማለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ውድድሩን ባሳጠረበት ዓመት በቦብ ዊሊስ ዋንጫ የቀኑ ኦቨር ወደ 90 ወርዶ፣ የመጀመሪያው ተራም በ120 ኦቨር ተገድቦ ነበር። በሎርድስ በተካሄደው የ5 ቀን ፍጻሜ ኤሴክስና ሶመርሴት ሳይሸናነፉ ሲቀሩ ዋንጫውን የወሰደው በመጀመሪያው ተራ የመራው ኤሴክስ ነው። ለፍጻሜ ዋንጫ አሸናፊ መኖር ስላለበት እቀበለዋለሁ፤ ለመደበኛው ሻምፒዮና ግን አልመኘውም።

አዲስ ተመልካች

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የቀረችኝ ጥያቄ ብቻ አለች፦ የመጀመሪያው ቀን በሙሉ በዝናብ ቢጠፋ በአምስተኛ ቀን ይካካሳል?

የውጤት መዝገብ

አይካካስም። በካውንቲ ሻምፒዮና መጠባበቂያ ቀን የለም፤ የጠፋው ቀን ጠፍቶ ይቀራል። የፎሎው ኦን ሕግ ግን ይህን ያስባል፦ የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይጫወቱበት ካለፈ ገደቡ የሚሰላው በቀሩት ቀናት ነው። የ5 ቀን የነበረ ግጥሚያ ወደ 4 ሲወርድ ከ200 ወደ 150 ይቀንሳል፤ የ4 ቀኑ ወደ 3 ቢወርድ ግን 150 እንደሆነ ይቆያል፣ ሁለት ቀን ብቻ ከቀረ ደግሞ 100 ይሆናል። ይህ የሚሠራው ከመጀመሪያው አንስቶ ለጠፋ ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን በዝናብ ቢያልፍ ገደቡ አይለወጥም፤ ያን ጊዜ የባከነውን ጊዜ የሚያካክሰው ተራውን ቀደም ብሎ የሚዘጋ አምበል ነው።